ሮም ዕዳዋን በሰው መሬት ከፈለች

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው እትማችሁ ስለ ጥንታዊት ሮም ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ደስ ብሎኝ፣ ሁለተኛ ተበሳጭቼ። ደስ ያለኝ እንዲህ ያለ ርዕስ ጋዜጣ ላይ ማግኘት ብርቅ ስለሆነብኝ ነው። ያበሳጨኝ ደግሞ አቀራረቡ ነው። ጽሑፉን ለሁለት ሰንጥቃችሁ በግራው ገጽ «መንግሥትና ኅብረተሰብ»፣ በቀኙ ገጽ «ጦርነትና መስፋፋት» አላችሁ። በግራ በኩል ሰዎች ድምፅ ይሰጣሉ፣ ሕግ ያወጣሉ። በቀኝ በኩል ሰዎች ከተማ ይከብባሉ፣ ያቃጥላሉ። ለሚያነበው ሰው ሁለት የተለያዩ አገሮች ይመስላሉ። ግን እኮ ድምፅ የሚሰጠውም ከተማ የሚያቃጥለውም ያው አንድ ገበሬ ነው፣ ለዚያውም ባለዕዳ ገበሬ። ዕዳ የምትለው ቃል በጽሑፋችሁ ውስጥ አንድም ቦታ የለችም። ፈልጌ አጣኋት።

የምለው ባጭሩ ይሄ ነው። ሮም ውስጥ ሀብታምና ድሃ በዕዳና በመሬት ምክንያት ለ200 ዓመት ያህል ተጣልተዋል። ሀብታሞቹ ጠቡን ለማብረድ ከራሳቸው መሬት ቆርሰው መስጠት አልፈለጉም። የጎረቤት መሬት ግን ነበረ። የግራና የቀኝ ገጻችሁ የሚገናኙት እዚህ ጋ ነው።

ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ ከክርስቶስ ልደት በፊት ናቸው። በየመስመሩ መድገሙ ለእኔም ለእናንተም አድካሚ ነው። ወደ ኋላ እንደሚቆጠሩ ብቻ አትርሱ፣ 494 ከ287 ይቀድማል።

ከአንድ ሽማግሌ ልጀምር። ጊዜው 495 ነው። የመጨረሻው ንጉሥ ታርኲኒየስ ከተባረረ 14 ዓመት ሆኖታል። ሮም ገና በቲቤር ወንዝ ዳር ኮረብታዎች ላይ የተቀመጠች ትንሽ ከተማ ናት፣ ጠላቶቿም ቅርብ ናቸው። ፎሩም የሚባለው አደባባይ ላይ አንድ ሰው እየተንገዳገደ ይገባል። ልብሱ ቆሽሿል፣ ፊቱ ገርጥቷል፣ ጸጉሩና ጢሙ ተንጨባሯል። ሰዎች ግን አወቁት። የመቶ አለቃ ነበር። ደረቱን ገልጦ የጦር ሜዳ ጠባሳውን አሳየ። ምን ሆነህ ነው ሲሉት ነገራቸው። እሱ ጎረቤት ሕዝብ ከሆኑት ከሳቢኖች ጋር ሲዋጋ እርሻው ተቃጠለ፣ ቤቱ ተዘረፈ፣ ከብቱ ተነዳ። በዚያ ላይ ግብር ክፈል ተባለ። ተበደረ። ዕዳው ወለደ። መጀመሪያ ከአያቱ ከአባቱ የወረሰው መሬት ሄደ፣ ቀጥሎ ሌላው ንብረቱ፣ በመጨረሻ ሰውዬው ራሱ ለአበዳሪው ገባ። ይህን ተናግሮ ዞር አለና ጀርባውን አሳያቸው። የጅራፍ ሰንበር ነው፣ ገና ያልሻረ።

ይህን የሚተርከው ሊቪየስ የተባለው ታሪክ ጸሐፊ ነው፣ እሱም የጻፈው ከ450 ዓመት በላይ ዘግይቶ ነው። ስለዚህ ሽማግሌው በእርግጥ ያን ቀን እዚያ ቆሞ ነበር ብዬ አልሟገትም። ሥርዓቱ ግን ነበረ፣ ስሙም ኔክሱም ይባላል። ተበዳሪው መያዣ የሚያደርገው ገላውን ነው። መክፈል ካቃተው ለአበዳሪው እየሠራ ይኖራል፣ ይታሰራል፣ ይገረፋል። በሕግ ባሪያ አይደለም፣ ዜጋ ነው። ጦርነት ሲመጣ ያው ስሙ ይጠራል።

ለምን ሁሉም ዕዳ ውስጥ ገባ? ነገሩ ቀላል ነው። በዚያ ዘመን ወታደሩ ደሞዝ የለውም። ጋሻውን፣ ጦሩን፣ ስንቁን የሚችለው ራሱ ነው። ዘመቻው ደግሞ የሚሆነው እርሻው ሰው በሚፈልግበት ወቅት ነው። ሀብታሙ ቢዘምት ቤቱ የሚሠሩለት ሰዎች አሉ። ሁለት ሄክታር የማትሞላ መሬት ያለው ሰው ሲዘምት ግን ማን ያርስለት? አንድ ዘመቻ ቢያልፍ በሁለተኛው ይበደራል።

ሽማግሌው አደባባይ በወጣ በዓመቱ፣ በ494፣ ተራው ሕዝብ (ፕሌብስ ይባላሉ) ተነሥቶ ከከተማ ወጣ። አልተዋጋም፣ ቤት አላቃጠለም። ከሮም አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ቅዱስ ተራራ የሚባል ቦታ ሰፈረና ተቀመጠ። በቃ። ጠላት በር ላይ ነው፣ ጦሩ የለም። ሴኔቱን፣ የባላባቶቹን ምክር ቤት፣ ያስደነገጠው ይሄ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለውን እናንተም ጽፋችሁታል። ሜኔኒየስ አግሪፓ የተባለ አንደበተ ርቱዕ ሰው ተላከ፣ ነገር በምሳሌ ብሎ የሆድን ተረት አወራላቸው። እጅ፣ አፍና ጥርስ «ሆድ ቁጭ ብሎ የሚበላው በእኛ ድካም ነው» ብለው አደሙ፣ ምግብ ከለከሉት፣ በመጨረሻ ራሳቸውም ከሱ። እናንተ እንደምትሉት ሕዝቡ ይህን ሰምቶ ልቡ ተነካና ተመለሰ። እኔ ግን ጅራፍ የቀመሰ ሰው በተረት ይመለሳል ብዬ አላምንም። ደግሞስ ተረቱን የተናገረው የሆድ መልእክተኛ አይደል? ሕዝቡ የተመለሰው የሚፈልገውን ስላገኘ ነው።

ያገኘው ነገር ትሪቡን ይባላል። ባላባት የማይሾምበት፣ የተራው ሕዝብ ብቻ የሆነ ሥልጣን ነው። ትሪቡኑ ጦር የለውም፣ አጃቢ የለውም። አበዳሪ ሰውን ጎትቶ ሊወስድ ሲል ሄዶ መካከላቸው ይቆማል። እሱን በእጁ የነካ ሰው የተረገመ ይሁን፣ የገደለውም አይጠየቅበት ብለው ሕዝቡ በሙሉ ተማምለዋል። ስለዚህ የቤቱ በር ሌሊትም ቀንም ክፍት ነው፣ ከከተማ ወጥቶ ማደርም አይፈቀድለትም። የተቸገረ ሰው በእኩለ ሌሊት ቢመጣ ሊያገኘው ይገባል። ትሪቡኑ የሚያደርገው ማገድ ነው፣ ዛሬ «ቬቶ» የምንላት ቃል በላቲን «እከለክላለሁ» ማለት ናት። ለእኔ ከሮም ሥልጣኖች ሁሉ ደስ የሚለኝ ይሄ ነው። እናንተ ሁለት መስመር ሰጣችሁትና ወደ ከተማዋ መሥራች ወደ ሮሙሉስና ወዳጠባችው ተኩላ ተረት ተመለሳችሁ።

አሁን እናንተ «ዴሞክራሲ» ስላላችሁት ነገር። ንጉሡ ሲባረር በምትኩ ሁለት ኮንሱሎች በየዓመቱ መመረጥ ጀመሩ። ሁለት የሆኑት አንዱ የሌላውን ትእዛዝ እንዲያግድ ነው፣ ዘመኑ አንድ ዓመት ብቻ የሆነው ወንበሩን እንዳይለምዱት ነው። ፊት ፊታቸው የሚሄዱ 12 ሰዎች የታሰረ በትርና መጥረቢያ ይዘውላቸዋል፣ ከተማ ውስጥ ሲሆኑ ግን መጥረቢያው ይወጣል፣ ምክንያቱም ከተማ ውስጥ ዜጋ ወደ ሕዝቡ ይግባኝ ማለት ይችላል። ይሄ ሁሉ እናንተ እንዳላችሁት በጣም የታሰበበት ነው። ግን «ሕዝቡ መሪዎቹን መረጠ» ብላችሁ ነጥብ ማድረጋችሁ አንባቢን ማሞኘት ነው።

የምርጫውን ቀን እንየው። ሰዎቹ የሚሰበሰቡት ከከተማው ቅጥር ውጭ፣ ማርስ ሜዳ ላይ ነው። ከቅጥር ውጭ የሆነው ይህ ጉባኤ በመሠረቱ የጦር ሰልፍ ስለሆነ ነው። ከወንዙ ማዶ ያኒኩሉም ኮረብታ ላይ ባንዲራ ተሰቅሏል። ባንዲራው ከወረደ ጠላት መጣ ማለት ነው፣ ጉባኤው ይበተናል። ሕዝቡ በሀብቱ መጠን በ193 ቡድን ተከፍሏል። እያንዳንዱ ቡድን የራሱን ሰዎች ድምፅ ቆጥሮ በመጨረሻ አንድ ድምፅ ብቻ ያስገባል። ፈረሰኞቹ 18 ቡድን አላቸው። የአንደኛ ደረጃ ሀብታሞች 80። ደምሩት፣ 98 ነው። ከ193 ከግማሽ በላይ። የሚጀምረውም ከእነሱ ነው፣ ብልጫው ከተገኘ ቆጠራው ይቆማል። ምንም የሌላቸው ሰዎች ሁሉ፣ በቁጥር የቱንም ያህል ቢበዙ፣ አንዲት ቡድን ውስጥ ታጭቀዋል። ሀብታሞቹ ከተስማሙ እነዚያ ሰዎች ፀሐይ ላይ ቆመው ውለው አንድም ሰው ምን አላችሁ ሳይላቸው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ።

ቤት ውስጥም ቢሆን ነገሩ ከላይ ወደ ታች ነው። የቤቱ ሽማግሌ አባት በልጆቹ ላይ የሕይወትና የሞት ሥልጣን አለው። ልጁ 40 ዓመት ሞልቶት፣ አግብቶ ወልዶ፣ ኮንሱል ሆኖ ጦር እየመራ እንኳ፣ አባቱ በሕይወት እስካለ የራሱ የሚለው ንብረት የለውም። ያገኘው ሁሉ የአባቱ ነው። ከቤት ውጭ ደግሞ ትንሹ ሰው ከትልቁ ሰው ጥላ ሥር ይገባል። ትልቁ በፍርድ ቤት ይቆምለታል፣ ሲቸግረው ይረዳዋል፣ ትንሹ በምርጫ ይደግፈዋል፣ ጠዋት ጠዋት ደጁ እየሄደ እጅ ይነሣል። ቀልድ አልነበረም። ጥገኛውን ያጭበረበረ ጌታ የተረገመ ይሁን የሚል ሕግ በ12ቱ ሰሌዳዎች ላይ ተጽፏል።

ሰሌዳዎቹም ቢሆኑ የመጡት በጠብ ነው። ከዚያ በፊት ሕጉ ባላባቶቹ ጭንቅላት ውስጥ ነበር። ስትከሰስ ሕጉ ምን እንደሚል የሚነግርህ የከሰሰህ ሰው ዘመድ ነው። ሕዝቡ ይጻፍልን ብሎ ወጥሮ ያዘና በ451 እና በ450 ተጽፎ ፎሩም ላይ ተሰቀለ። እነ ሲሴሮ፣ ዝነኛው የሮም ተናጋሪ፣ ከ350 ዓመት ገደማ በኋላ ልጅ ሆነው እንደ ዜማ በቃላቸው ይወጡት ነበር። ይዘቱ ግን ለድሃው ብዙም አልራራም። ዕዳህ ከተረጋገጠ 30 ቀን ይሰጥሃል። ካልከፈልክ አበዳሪው ይወስድሃል፣ ያስርሃል፣ የሰንሰለቱ ክብደት ሳይቀር በሕጉ ተጽፏል። 60 ቀን ታስረህ የሚከፍልልህ ከጠፋ ለሞት ወይም ከቲቤር ማዶ ለመሸጥ ትሰጣለህ። እዚያው ላይ ባላባትና ተራ ሰው አይጋቡ የሚል አንቀጽም ገብቶ ነበር። ከአምስት ዓመት በላይ አልቆየም፣ በ445 ተሻረ።

እዚህ ጋ ስለ ሲንሲናቱስ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ሁሉም ሰው ይህን ታሪክ ይወዳል፣ እናንተም በሳጥን ከልላችሁ አውጥታችሁታል። በ458 እርሻው ላይ እያለ ተጠራ፣ የስድስት ወር ሙሉ ሥልጣን ያለው ዲክታተር ተባለ፣ ጠላትን አሸነፈ፣ በ16ኛው ቀን ሥልጣኑን መልሶ ወደ ማረሻው ሄደ። ደስ ይላል። ግን ባላባቱ ሲንሲናቱስ አንዲት ሄክታር ላይ ምን ይሠራ ነበር ብላችሁ ጠይቃችኋል? ልጁ ካይሶ ትሪቡኖቹንና ተራውን ሕዝብ በጉልበት ከፎሩም ሲያባርር የነበረ ጉልቤ ነው። ተከሰሰ፣ በዋስ ተለቀቀ፣ ጠፋ። አባትየው ዋስትናውን ለመክፈል ያለውን ሁሉ ሸጦ ነው ከቲቤር ማዶ እንደተባረረ ሰው የተቀመጠው። ትሕትናው እውነት ሊሆን ይችላል። ድህነቱ ግን የትሕትና ድህነት አልነበረም።

ወደ መሬቱ ልምጣ፣ ምክንያቱም ዋናው እሱ ነው።

ከሮም በስተሰሜን 16 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ቬይ የምትባል የኤትሩስካኖች ከተማ ነበረች። ሀብታም ናት፣ ገደል ላይ ናት፣ መሬቷ ለም ነው። ሮማውያን በ406 ከበቧት። ከበባው 10 ዓመት ፈጀ ይባላል። ገበሬ ክረምት ከበጋ ከቤቱ ርቆ ሊቆይ ስለማይችል ለመጀመሪያ ጊዜ ለወታደር ደሞዝ መክፈል ተጀመረ። ትሪቡኖቹ ወዲያው «ደሞዙ የሚመጣው ከራሳችሁ ግብር ነው፣ አትሞኙ» አሉ። ትክክል ነበሩ። በ396 ካሚሉስ የተባለው የጦር አዛዥ ከተማዋን ያዘ። ነዋሪዎቿ ተሸጡ። የጣዖቷን የጁኖን ሐውልት ሳይቀር ወሰዱት። አንድ ወጣት ሐውልቷን «ሮም መሄድ ትፈልጊያለሽ?» ቢላት ራሷን ነቀነቀች ይላሉ። ሳትነቀንቅ ብትቀር ይተዋት ነበር ወይ?

ቀጥሎ የሆነውን ነው ልብ የምትሉልኝ። ተራው ሕዝብ ግማሻችን ቬይ ሄደን እንኑር አለ። ባዶ ቤት አለ፣ ለም መሬት አለ፣ እዚህ ባላባቶቹ ሁሉን ይዘውታል። ሴኔቱ ደነገጠ። ሽማግሌ ሴናተሮች አደባባይ ወርደው እያለቀሱ፣ ቤተ መቅደሶቹን እያሳዩ ሕዝቡን ለመኑት። ሐሳቡ በአንድ ነገድ (ሕዝቡ ተከፋፍሎ ድምፅ የሚሰጥበት ክፍል ነው) ድምፅ ብልጫ ብቻ ወደቀ። በነጋታው ሴኔቱ ከቬይ መሬት ለእያንዳንዱ ተራ ሰው ሰባት ዩጌራ እንዲሰጥ ወሰነ፣ ሁለት ሄክታር ሊሞላ ጥቂት የሚቀረው ማለት ነው። ለቤቱ አባት ብቻ ሳይሆን በቤቱ ላለው ነፃ ሰው ሁሉ ታሰበለት፣ ልጅ ለመውለድ እንዲበረታቱ ተብሎ። 393 ነው። አንድም ባላባት አንድ ስንዝር አላጣም፣ ሕዝቡም ዝም አለ። ሴኔቱ መድኃኒቱን አገኘው የምለው ለዚህ ነው።

መድኃኒቱ ግን ለጊዜው ነው የሠራው። በ390 ገደማ ጋሎች የሚባሉ ሕዝቦች ከሰሜን መጥተው ከተማዋን አቃጠሉ፣ አንድ ሺህ ሊብራ (የሮማውያን ሚዛን ነው) ወርቅ ተቀብለው ሄዱ። ሰዉ ቤቱን መልሶ ለመሥራት እንደገና ተበደረ። እዚህ ጋ ከማንኛውም ጦርነት በላይ የሚያስገርመኝ የማንሊየስ ታሪክ ይመጣል። ጋሎቹ በሌሊት ካፒቶል የሚባለውን የከተማዋን ኮረብታ ሊወጡ ሲሉ ዝይዎች ጮኸው ቀድሞ የነቃው እሱ ነው። ባላባት ነው፣ ጀግና ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አንድ የታወቀ የመቶ አለቃ በዕዳ ተይዞ ሲወሰድ ያያል። ፎሩም መሀል አስቁሞ ዕዳውን በሰው ሁሉ ፊት ከፈለለት። ከዚያ ርስቱን እየሸጠ የሌሎችን መክፈል ጀመረ። ሴኔቱ ንጉሥ ሊሆን ነው ብሎ ከሰሰው። በፍርዱ ቀን ያለ ወለድ ያበደራቸውን ወደ 400 ሰዎች አቀረበ፣ ከዚያ እጁን ወደ ካፒቶል ዘረጋ። ሕዝቡ ካፒቶልን እያየ ሊፈርድበት አልቻለም። ምን አደረጉ? ችሎቱን ካፒቶል ወደማይታይበት ጫካ አዛወሩት። እዚያ ተፈረደበት። በ384 ከታርፔያ ገደል ተወረወረ፣ ገደሉም ያው የካፒቶል ገደል ነው። የግል ገንዘቡን ከፍሎ ሰው ነፃ ያወጣ ሰው ነው የተገደለው። የጎረቤት መሬት የነጠቀው ካሚሉስ ግን የከተማዋ ሁለተኛ መሥራች ተባለ።

ከዚያ ትሪቡኖቹ ሊሲኒየስና ሴክስቲየስ መጡ። ለዓመታት ምርጫ እስከማገድ ደርሰው በ367 ሦስት ነገር አሳለፉ። የተከፈለ ወለድ ከዋናው ዕዳ ላይ ይቀነስ። ከሁለቱ ኮንሱሎች አንዱ ከተራው ሕዝብ ይሁን። ማንም ሰው ከመንግሥት መሬት ከ500 ዩጌራ በላይ አይያዝ። በዓመቱ ሴክስቲየስ ራሱ ኮንሱል ሆነ። ሊሲኒየስስ? ከአሥር ዓመት በኋላ በራሱ ሕግ ተከሰሰ። ከልጁ ጋር ሆኖ 1,000 ዩጌራ ይዞ ተገኘና ተቀጣ። አልሳቅኩም ብል እዋሻለሁ። ነገሩ ግን አያስቅም፣ ምክንያቱም ከዚያ ወዲህ የተራው ሕዝብ ሀብታሞች ከባላባቶቹ ጋር እየተጋቡ አንድ ወገን ሆኑ፣ ድሃው ያው ድሃ ሆኖ ቀረ።

የቀረው ነገር መስፋፋት ነው፣ እዚህ ላይ ሮማውያን የእውነት ብልጦች ነበሩ። በ338 ጎረቤቶቻቸውን ላቲኖችን ሲያሸንፉ ሁሉንም በአንድ ሙቀጫ አልወቀጡም። አንዳንዱን ከተማ ሙሉ ዜጋ አደረጉት። ካፑዋን የመሰለውን ዜግነት ሰጥተው ድምፅ ከለከሉት። ሌላውን መሬቱን ቀሙት። የአንቲየምን መርከቦች አቃጥለው የአፍንጫ ብረታቸውን ፎሩም ላይ ተናጋሪ በሚቆምበት መድረክ ላይ ሰኩት። ላቲኖቹ እርስ በርስ እንዳይጋቡ፣ እንዳይገበያዩ፣ አብረው እንዳይሰበሰቡ ከለከሉ። ሁሉም በየግሉ ከሮም ጋር ብቻ ተያያዘ።

ከተሸነፈው መሬት ላይ ደግሞ ሰው ይሰፍራል። በ334 ካሌስ ላይ 2,500 ሰው፣ በ303 አልባ ላይ 6,000። ከሮም የሚሄደው ድሃ የሮም ዜግነቱን ይተዋል፣ በምትኩ መሬት ያገኛል። ለሴኔቱ ሁለት ጥቅም ነው። አደባባይ ላይ የሚጮህ ሰው ይቀንሳል፣ በጠላት አገር መሀል ምሽግ ይተከላል። በ312 አፒየስ ክላውዲየስ ያሠራው ወደ ካፑዋ የሚወስደው መንገድም ሥራው እነዚህን ማያያዝ ነው።

የተሸነፉት አጋሮች ግብር በገንዘብ አይከፍሉም፣ ወታደር ነው የሚያዋጡት። ይህን እናንተ «ለዘብተኛ አገዛዝ» ብላችሁታል። እስቲ አስቡት። ከአጋርህ የምታገኘው ጥቅም ወታደር ብቻ ከሆነ፣ ካልዘመትክ ምንም አታገኝም። ወታደሩን ዝም ብለህ ካስቀመጥከው ነገ አጋርነቱን ይረሳል። ስለዚህ በየዓመቱ አንድ ቦታ መዝመት አለብህ። ብዝበዛው ደግሞ ለአጋሩም ይደርሰዋል፣ ትናንት የተዘረፈው ዛሬ አብሮ ይዘርፋል። በ280 ንጉሥ ፒሩስ ከግሪክ 20 ዝሆን ይዞ መጥቶ ሁለት ጊዜ ያሸነፋቸው፣ ግን እሱ የሞቱበትን የሚተካበት ሲያጣ እነሱ ከመላው አገር አዲስ ጦር የሚያመጡት በዚህ ምክንያት ነው። ጀግንነት ብቻ አይደለም፣ የተደራጀ የሰው ክምችት ነው።

የዕዳ እስሩስ? በ326 ተሻረ። አንድ ወጣት በአባቱ ዕዳ ተይዞ አበዳሪው ሊያባልገው ፈለገ፣ እምቢ ሲል ገረፈው፣ ልጁ ቁስሉን ይዞ ወደ አደባባይ ወጣ፣ ሕዝቡ ተነሣ። ያው የሽማግሌው ታሪክ፣ ከ170 ዓመት በኋላ። ለምን በዚህኛው ጊዜ ተሳካ ብትሉኝ፣ መልሱ ደስ አይልም። በዚያ ጊዜ ከጦርነት የሚመጣው ምርኮኛ በዝቷል። ሀብታሙ በመሬቱ ላይ የሚያሠራው ባሪያ ካገኘ ባለዕዳውን ዜጋ መልቀቅ አይከብደውም።

ሆኖም ዕዳው ራሱ አልጠፋም። በ290 ሳምኒቶች ከሚባሉት የተራራ ሕዝቦች ጋር የነበረው ረጅም ጦርነት አለቀ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ሕዝቡ በዕዳ ተማርሮ እንደገና ከከተማ ወጣ፣ አሁን ወደ ያኒኩሉም፣ ያ ባንዲራ ወደሚሰቀልበት ኮረብታ። በ287 ሆርቴንሲየስ የተባለ ዲክታተር ተሾሞ አስታረቃቸው። ተራው ሕዝብ በራሱ ጉባኤ የሚያወጣው ሕግ ባላባቱንም እንዲገዛ ተደረገ። የታሪክ መጻሕፍት ጠቡ እዚህ አለቀ ይላሉ።

በዚያው በ290 ሳቢኖችም ተሸንፈዋል። የሽማግሌውን እርሻ ያቃጠሉት፣ ከብቱን የነዱት ሳቢኖች ማለት ነው። ከመሬታቸው ተወስዶ ለሮም ሰዎች ተከፋፈለ፣ እነሱ ድምፅ የሌለው ዜግነት ተሰጣቸው። በ268 ድምፅም ተጨመረላቸው። በ264 ሮም ባሕር ተሻግራ ከሰሜን አፍሪካዋ ከተማ ከካርቴጅ ጋር ለሲሲሊ ደሴት ስትዋጋ፣ ሰልፉ ውስጥ የሳቢን ገበሬዎች ነበሩ፣ እርሻቸውን ለማን ትተው እንደሄዱ የጻፈ የለም።

ሌላ አንድ ትንሽ ነገር። ከጽሑፉ በላይ ያወጣችሁት ፎቶ የኮሎሲየም ነው። ኮሎሲየም የተመረቀው በፈረንጆች አቆጣጠር በ80 ዓ.ም. ነው፣ ከምታወሩበት ዘመን ከ300 ዓመት በላይ ቆይቶ። በሚቀጥለው ስለ ካርቴጅ ጦርነት እንደምትጽፉ ቃል ገብታችኋል። እባካችሁ ፎቶውን ቀይሩት፣ ሁለቱንም ገጽ ለአንድ ሰው ስጡት።

አንባቢያችሁ